በምትወጣበት ማርሽ ውረድ



ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ መኪና ገዛሁ። ለገና ቤተሰብ ይዤ በአባይ በረሃ ወደ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነው። መንገዱን አላውቀውም፣ የምትመክረኝ ካለ?» እንኳን ደስ አለህ ብዬ መልሱን ስጀምር ረዘመብኝ። ሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ እዚህ አመጣሁት።

ስማ ልጄ፣ ቁልቁለት ላይ መኪና ከእጅ ሲወጣ ሰው ሁሉ «አብርሮ ነው» ይላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እኛ ፍሬን ያጣን ጊዜ መርፌው 50 እንኳን አልነካም ነበር።

ከ6 ዓመት በፊት ነው። 5 ሆነን በአንድ አሮጌ የቤት መኪና ለሠርግ እየሄድን ነበር። የሚነዳው የአጎቴ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሽዬ ነው የምለው። አዳማ ከተማ ውስጥ 12 ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን እንኳን ተጋጭቶ አያውቅም። እኔ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። ጋሽዬ በ4ኛ ማርሽ ሆኖ፣ እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሳ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከኋላ አክስታችን «ጎሽ፣ እንደዚህ ነው መንዳት» እያለች ትመርቀዋለች።

ትንሽ እንደወረድን የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ከፊታችን ያለው ሲኖትራክ ነው ብለን መስኮት ዘጋን። ብዙም ሳይቆይ ጋሽዬ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ፍሬን የለም» አለ።

ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጠዋል፤ እስከ ወለሉ ይገባል፣ ግን ምንም አይዝም። 60 አለፈ፣ 70 ሆነ። በስተቀኝ ተራራው፣ በስተግራ ገደሉ። ከፊት ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ አለ፤ ከኩርባው ማዶ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። 3ኛ ማርሽ አስገባ፣ ሞተሩ ጮኸ። 2ኛ አስገባ። የእጅ ፍሬኑን እየሳበ መሪውን ወደ ተራራው ያዘው። ጎማው የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገባ፤ መኪናዋ በጎኗ ዐለቱን እየፋቀች ሄዳ ሄዳ ቆመች።

ማንም አልሞተም፣ ተመስገን ነው። አክስታችን ግን ትከሻዋ ተሰበረ። እስከ ዛሬ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ነጠላዋን አታስተካክልም።

ከኋላችን ይመጡ የነበሩ አንድ ጠና ያሉ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሙልን። ረዳታቸው ዘሎ ወርዶ ጎማችን ሥር ድንጋይ ደገፈ። ከጎማው ጭስ ይወጣል። ከመካከላችን አንዱ ውሃ ሊደፋበት ሲል «ተው! የጋለ ብረት ነው፣ ይሰነጠቃል!» ብለው ከለከሉት። ከዚያ ጋሽዬን ጠየቁት።

«በስንት ማርሽ ነው የወረድከው ልጄ?»

«በ4ኛ፣ ጋሼ።»

«ይሄን ዳገት በ4ኛ ትወጣዋለህ?»

ጋሽዬ ዝም አለ።

«በቃ፣ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።»

የሚገርመው፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ድሮው ጠንካራ ሆኗል። ምንም እንዳልተፈጠረ!

አሁን ወደ ክፍል እንግባ። ተማሪዎቼ፣ ኤም ጂ ኤችን ታስታውሳላችሁ አይደል? ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ወንዝ ከፍታው 1,400 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። መኪናው ከነሰውና ከነዕቃው 1,500 ኪሎ ነው እንበል። አባዙት፦ 21 ሚሊዮን ጁል። ይህ 3 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ወይ ፍሬኑ። በከፍተኛ ማርሽ ከወረድክ ሞተሩ ብዙም አያግዝህም፤ በዜሮ ማርሽ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያግዝህም። ሁሉም ሙቀት በመዳፍ በምታክል የፍሬን ሸራ ላይ ያርፋል።

ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ ጋዝ ግን ይጨመቃል። ስለዚህ የምትረግጠው አረፋውን ነው። ሲበርድ አረፋው ይጠፋል፣ ፔዳሉ ይመለሳል። የቆየ ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ ይፈላል።

እንግዲህ አንተ፣ ከመነሳትህ በፊት ሸራውንና የፍሬን ዘይቱን አሳይ። ጎሃ ጽዮን ላይ ቁም፣ ቁልቁለቱን ሳትጀምር 2ኛ አስገባ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን «2» ወይም «ኤል» ላይ አድርገው። ሞተሩ ቢጮህ አትደንግጥ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ፍሬን ሲያስፈልግህ ጠንከር አድርገህ ያዝና ልቀቅ፤ እግርህን እዚያ አታሳርፍ። ፍጥነትህን ከኩርባው በፊት ጨርስ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኩርባው ላይ ጎማው የሚፈልገው መያዣ 4 እጥፍ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለህ ሞተር እንዳታጠፋ፣ መሪውም ፍሬኑም ይከብድብሃል። ሽታ ከመጣ የራስህ ነው ብለህ ቦታ ፈልገህ ቁም። ከኋላህ ያለው ክላክስ ቢያደርግ ያድርግ፣ አሳልፈው። ስትመለስ ደግሞ ከደጀን በኩል ያለው ቁልቁለት አለ፣ እንዳትረሳው።

ጋሽዬ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ዘመድ ሲሰበሰብ «እሱማ መንዳት አይችልም» ሲባል እሰማለሁ፤ እሱም አይመልስም። እኔ ግን ጋቢና ነበርኩ። የዚያን ዕለት ገደሉን ትቶ ተራራውን የመረጠ እሱ ነው። መንጃ ፈቃዱን ሜዳ ላይ ተለማምዶ አወጣ፣ ሜዳ ላይ 12 ዓመት ነዳ፤ የቁልቁለትን ነገር የነገረው ሰው አልነበረም። ለሰው እንግዳ ለአገሩ ባዳ የሆነ ሰው ካልተነገረው ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ሊማሊሞን፣ ጣርማበርን፣ ሌላም ቁልቁለት የምታውቁ ሹፌሮች፣ የምታውቁትን ከሥር ጻፉልን። በተለይ እንግዳ ሹፌር የሚሳሳትበትን ቦታ። መኪና የገዛ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላችሁም አንብቡላቸው።

መልካም መንገድ ለሁላችን!