ዲፍረንሻሉን ማን ቀየረው?

የደቅ ልጅ ስለ መኪና ዲፍረንሻል ሊጽፍ ነው ስትባሉ የምትስቁ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፤ እኔ ጎማ ከማየቴ በፊት ታንኳ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ብዕር ያስነሳኝ ግን መኪናው ሳይሆን ዜናው ነው። ዜና አጻጻፍ ከጀመርን ወዲህ አንዲት ሐረግ ከጆሮዬ አልወጣ ብላለች፤ «ተሽከርካሪው ፍሬን በጥሶ…» የምትለዋ። ታውቋታላችሁ። ከእሷ ቀጥሎ የሟችና የቁስለኛ ቁጥር ይመጣል፣ ከዚያ ፖሊስ አሽከርካሪዎች እንዲጠነቀቁ ያሳስባል፣ በቃ ዜናው አለቀ። ፍሬኑ ለምን በጠሰ ብሎ የሚጠይቅ ዘጋቢ ብዙም አልገጠመኝም።

መልሱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የጭነት ብዛት አለ፣ ያረጀ የፍሬን ሸራ አለ፣ እንቅልፍም አለ። እኔ የማነሳው ማንም የማያነሳውን ነው፤ የተቀየረ ዲፍረንሻል።

ከአንድ አይሱዙ ኋላ ቆማችሁ ዝቅ ብላችሁ ብታዩ፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል እንደ ቅል ያበጠ ብረት ታገኛላችሁ። ዲፍረንሻሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው መኪናው ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው በልጦ እንዲዞር መፍቀድ ነው፤ ለዚህ ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር በ1827 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል፤ መኪና የሚባል ነገር ገና ሳይስፋፋ ማለት ነው። የእኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነው። ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥርስ አለ፣ እሱ የሚያዞረው ደግሞ ትልቅ ጥርስ አለ። ትልቁ 41፣ ትንሹ 10 ጥርስ ቢኖራቸው፣ ጎማው አንዴ ሙሉ እስኪዞር ዘንጉ 4.1 ጊዜ መዞር አለበት። ይቺ 4.1 ናት የዲፍረንሻሉ ልክ።

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት ያልነዳ ተማሪ ስለሌለ በብስክሌት እናውራው። ማርሽ ባላት ብስክሌት የቤዛዊትን ዳገት ስትወጡ ሰንሰለቱን ከኋላ ወደ ትልቁ ጥርስ ታዛውሩታላችሁ። ፔዳሉ ይቀላል፣ እግራችሁ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ብስክሌቷ ግን ቀስ ትላለች። ሜዳው ላይ በዚያው ጥርስ ብትሄዱ እግራችሁ እንደ እንዝርት እየሾረ ባጃጅ ሁሉ ጥሏችሁ ይሄዳል። ደቅ የምንመላለስበት የሞተር ጀልባም ያው ነው። የፕሮፔለሩ ምላስ በጣም የተጋደመ ከሆነ ባዶዋን ትበራለች፤ ሰውና ዳጉሳ ሲጫንባት ግን ሞተሩ ይታነቃል።

የጓደኛዬ አባት መካኒክ ናቸው። እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። ነገሩን ሊያስረዱኝ ሲሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ስማ ልጄ፣ ዲፍረንሻል ጉልበት አይሰጥህም፤ ያለህን ይመነዝርልሃል» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላነበብኩም። የመቶ ብር ኖት ሲመነዘር ብሩ አይጨምርም፤ የምትከፍሉበት መንገድ ነው የሚለወጠው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ይዞራል፣ ካምቢዮው አንድ ለአንድ በሚያስተላልፈው ማርሽ ላይ ነው፣ የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ነው እንበል። ዲፍረንሻሉ 4.1 ከሆነ ጎማው በደቂቃ 732 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ መኪናው በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አሁን ያንን አውጥተን 39 እና 8 ጥርስ ያለውን፣ ማለትም 4.875 የሆነውን እንግጠምለት። ሞተሩ ያው 3,000 ላይ እያለ ፍጥነቱ 81 ይሆናል። 16 ኪሎ ሜትር ጠፋ። በምትኩ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል በእያንዳንዱ ማርሽ 19 በመቶ ያህል ጨመረ። ከቆመበት ሲነሳ ይፈነጠራል፣ ተጭኖ ዳገት ሲገባ አያቃስትም።

«ታዲያ 19 በመቶ ፈጠነ ማለት ነዋ» እንዳትሉ። ሞተሩ ቶሎ ጣሪያው ላይ ስለሚደርስ ሹፌሩ ቶሎ ቶሎ ማርሽ መቀየር አለበት፣ ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ደግሞ መኪናው ለቅጽበት ያለ ጉልበት ይንሳፈፋል። ስለዚህ ከዜሮ ተነስቶ 80 እስኪደርስ የሚተርፈው ጊዜ ከተጠበቀው ያንሳል። ካምቢዮው ራሱ ከባድና ቀላል ማርሽ ያለው መሰላል አይደል? ዲፍረንሻል መቀየር መሰላሉን እንዳለ ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ነው እንጂ አዲስ መወጣጫ አይጨምርም።

በእኛ አገር ልኩን ከፍ ማድረግ አንድ ጥሩ ምክንያት አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታላ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ቆሞ የምታዩት እንዲህ ያለ መኪና ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን አጥቷል ማለት ነው። ጎማ ማሳደግም ሌላ ምክንያት ነው። ለግርማ ሞገስ ሲባል ትልቅ ጎማ የሚያስገጥሙ ሰዎች ሳያውቁት የዲፍረንሻሉን ልክ ዝቅ እንዳደረጉት ይቆጠራል፤ ከዚያ «መኪናዬ ሰነፈ» ብለው ጋራዥ ይመጣሉ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን በተቃራኒው የሚደረገው ነው፤ ከ4.875 ወደ 4.1 መውረድ። አንዳንዱ ባለንብረት አውቆ ያደርገዋል፤ የፎገራን ሜዳ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ሽው ብሎ ነዳጅ ሊቆጥብ። ብዙ ጊዜ ግን ምርጫም አይደለም ይላሉ ጋሼ። የድሮው ይሰበራል፣ አዲሱ ውድ ነው፣ ከሱማሌ ተራም ሆነ ከሌላ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከፈረሰ መኪና የወጣ ይገዛል። ቀዳዳው ከገጠመ ይታሰራል። ጥርሱን ማን ይቆጥራል? ሰኞ መኪናው ለቅጥር ሹፌሩ ይሰጣል። «ተሠርቷል» ይባላል እንጂ ልኩ ተለውጧል አይባልም።

ይህ ሹፌር አባይ በረሃ ሲደርስ ምን ይሆናል? መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ላይ ይደርሳል። ልምድ ያለው ሹፌር ያንን ቁልቁለት በእግር ፍሬን አይወርደውም፤ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ይይዘዋል። ለዓመታት «በሦስተኛ ነው የምወርዳት» እያለ ወርዷታል። አሁን ግን በዚያው ሦስተኛ ማርሽ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሞተሩ የሚዞረው በ16 በመቶ ያነሰ ነው። በዝግታ የሚዞር ሞተር የሚይዘው ትንሽ ነው፤ ያቺንም ትንሽ ዲፍረንሻሉ ድሮ ያባዛላትን ያህል አያባዛላትም። መያዣው በሁለት በኩል ቀነሰ። የጎደለውን የሚሞላው የሹፌሩ እግር ነው። ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ። ሸራው ይግላል፣ የሚሸት ነገር ይመጣል፣ ሙቀቱ የፍሬን ዘይቱ ጋ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል።

ልብ በሉ፤ የተበጠሰ ነገር የለም። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ሊመለስ ይችላል። «ፍሬን በጥሶ» ብለን ስንጽፍ ያልሆነ ነገር ነው የጻፍነው።

በእርግጥ ሹፌሩ ቢያውቅ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሦስተኛ ፋንታ በሁለተኛ መውረድ። አለማወቁ ነው ችግሩ። እንዳያውቅ የሚያደርግ ሌላም ነገር አለ። በብዙ አሮጌ መኪናዎች የፍጥነት ቆጣሪው መረጃውን የሚወስደው ከካምቢዮው መውጫ እንጂ ከጎማው አይደለም። ከዲፍረንሻሉ በፊት ስለሆነ ጥርሱ መቀየሩን አያውቅም። 4.875 በነበረው ላይ 4.1 ከገጠመ፣ ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው የሚሄደው 95 ነው። ከአደጋው በኋላ ሹፌሩ «ኧረ ከ80 አላለፍኩም!» ሲል ሁላችንም ዋሸ እንላለን። ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው።

ጋዜጠኛ መካኒክ ይሁን አላልኩም፤ እኔም አይደለሁም። ግን ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ መፍቻ መያዝ አያስፈልግም። ይህ መኪና በቅርቡ ምን ተሠራለት? ዕቃው ከየት መጣ? ለሹፌሩ ማን ነገረው? ሦስቱም የሚያመሩት ከሹፌሩ አልፎ ወደ ባለንብረቱ ነው፤ የእኛ ዜና ግን ሹፌሩ ላይ ደርሶ ይቆማል። በተለይ ሹፌሩ ከሞተ።

ልኩን ማወቅ ለሚፈልግ ዘዴው እንዲህ ነው። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ማንሳት፤ ሌላው መሬት ይዞ ይቆማል። በተነሳው ጎማና በዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ። ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር ማዞርና ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር። ሁለት ዙር የሆነው አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ብቻ ሲዞር ትልቁ ጥርስ በግማሽ ስለሚዞር ነው፤ የፔከር ሥራ ነው። በብዙ መኪና ላይ የፋብሪካው ኮድ ሞተሩ አካባቢ በተለጠፈች የብረት ሰሌዳ ላይ ስላለ የቆጠራችሁትን ከዚያ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ጋሼ ጋራዥ አንድ ፒክአፕ ላይ ሞከርኩት። አራት ዙር ሞልቶ ትንሽ አለፈ፤ ኮዱን ጋሼ ሲያነቡት 4.1 ሆነና ገጠመ። ጠመኔውን ከመማሪያ ክፍላችን ነው የተዋስኩት፤ መልሼዋለሁ።