ከዜሮ በታች ያለ እውነት

ሒሳብንና ኪነ ጥበብን የሚያዛምዳቸው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሁለቱም ያልጠበቅነውን እውነት አምጥተው ከፊታችን መደቀናቸው ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጎፋ ሠፈር፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ማምሻውን አልጀብራ ስናጠና ይህን ደጋግሜ ታዝቤአለሁ።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ጀማሪ ተማሪ ያጋጠማትን ጥያቄ እንመልከት። እናት 50፣ ልጅ 20 ዓመት ቢሆናቸው፣ የልጅ ዕድሜ የእናቱ ዕድሜ ሢሶ የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? ተማሪዋ የማይታወቀውን ዓመት «ሀ» ብላ ሰየመችና (50 + ሀ)/3 = 20 + ሀ ስትል እኩልዮሹን አሰፈረች። ክፍልፋዩን ለማስወገድ ሁለቱንም ወገን በ3 ብታባዛ 50 + ሀ = 60 + 3ሀ ሆነ። ከሁለቱም ወገን 60ንና ሀን ብትቀንስ -10 = 2ሀ፤ ለ2 ብታካፍል ሀ = -5 ወጣ። ይህን ጊዜ ላጲሷን አንሥታ የመቀነስ ምልክቱን ፋቀችው።

«ጋሼ፣ ዓመት ከዜሮ በታች ይሆናል እንዴ?» አለችኝ።

ሁለቱንም መልሶች እንድትፈትን ነገርኳት። በ5 ስትፈትን የ55 ሢሶ 25 አልሆነም። በ-5 ስትፈትን ግን እናት 45፣ ልጅ 15 ሆኑ፤ የ45 ሢሶም 15 ነው። ጥያቄው ወደ ፊት ሲመለከት መልሱ ወደ ኋላ ጠቆመ፤ ነገሩ የሆነው ከአምስት ዓመት በፊት ነውና። የተፋቀችው ትንሽ ሰረዝ የመልሱን ግማሽ መልእክት ይዛ ነበር።

ይህ ጥርጣሬ የጀማሪ ብቻ አይደለም። የእስክንድርያው ዲዮፋንቶስ መልሱ ከዜሮ በታች የሚሆን እኩልዮሽ ሲያጋጥመው ትርጉም የለሽ ብሎታል። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ግን እ.ኤ.አ. በ628 ከዜሮ በላይ ያለውን ቁጥር ሀብት፣ ከዜሮ በታች ያለውን ዕዳ እያለ የስሌቱን ሕግ ደነገገ። ዴካርት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1637 እንዲህ ያሉትን መልሶች ሐሰተኛ ይላቸው ነበር።

እኛ ዘንድ ግን የዱቤ መዝገብ ያለው ባለሱቅ ሁሉ ዕዳ ቁጥር መሆኑን ያውቃል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ጨው ጫኞች የሚረግጡትን ምድር ግን የለም የሚል ማንም የለም። የሠፈራችን ስም ራሱ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርስ መሣሪያ ስም ነው። ሽቦው አለመታየቱ መልእክቱን ሐሰት አላደረገውም።

ይህ ሲባል ግን ከዜሮ በታች የሆነ መልስ ሁሉ ይቀበሉታል ማለት አይደለም። ጥያቄው የደብተር ብዛት ቢሆንና -5 ቢወጣ፣ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ታሪኩ የማይሆን ነው፤ ያን ጊዜ የሚመረመረው ጥያቄው እንዴት እንደተመሠረተ ነው። ስለዚህ ፈተናው ሁለት ነው፤ አንዱ መልሱን ወደ እኩልዮሹ መልሶ መተካት፣ ሁለተኛው ከኑሮ ጋር ማስተያየት። ሁለቱም ሳይፈጸሙ ምልክትን መፋቅ፣ ያልወደዱትን ምስክር ቃሉን ሳይሰሙ ከሸንጎ እንደማስወጣት ነው።

የመምህርም ሆነ የከያኒ ኃላፊነት እዚህ ላይ ይገናኛል። ልጆቻችን ትክክለኛ መልስ ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ መልስ ነው ብለው ካደጉ፣ ነገ በሥራና በኑሮ የሚገጥማቸውን ጉድለት ሁሉ በላጲስ ሊያጠፉት ይሞክራሉ። ጉድለቱን ከነምልክቱ የሚጽፍ ትውልድ ግን ምን ያህል እንደሚቀረውና ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል።