ከጠባሳው በላይ

የዘሩትን ማጨድ የገበሬ ሁሉ የማይናወጥ እምነት ነው። ስንዴ የዘራ ስንዴ፣ ጤፍ የዘራ ጤፍ ያፍሳል፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ማንም ከጎተራው እህል አውጥቶ ለአፈር አደራ ባልሰጠ ነበር። አቮካዶ ግን ይህን ውል አያከብርም። ቅቤ የመሰለ ፍሬ ተበልቶ በውስጡ ያለው ዘር ቢተከል፣ የሚበቅለው ዛፍ ብዙውን ጊዜ እናቱን አይመስልም። የአንዱ ፍሬ ክር የበዛበት ይሆናል፤ የሌላው ከዘሩ በቀር ሥጋ የለውም፤ ሦስተኛው ዓመታት አስጠብቆ ጥቂት ብቻ ያፈራል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል፤ የአቮካዶ ዘር ግን ወዴት እንደሚስብ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህም ከሲዳማና ከጉራጌ ጓሮዎች አንሥቶ እስከ ኬንያ ሙራንጋ ኮረብታዎች ድረስ፣ ለገበያ የሚሆን አቮካዶ የሚሻ ሰው በእጅ የተቀጠለ ችግኝ ይተክላል። ሥራው በአማርኛ «ማዳቀል» ይባላል፤ ቃሉ ግን በጥቂቱ ያሳስታል። የውጭ ኮርማ ከአገር ላም ጋር ሲዳቀል የሁለቱን ደም የወረሰ ጥጃ ይወለዳል። ችግኝ ሲዳቀል ግን የሚቀላቀል ደም የለም። ከታች ያለው ሥረ ግንድ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ራሱን እንደሆነ ይኖራል፤ ከላይ የተቀጠለውም እንዲሁ። አንዱ ከአፈር ውኃና ማዕድን ያቀብላል፤ ሌላው ከፀሐይ ምግብ ሠርቶ ወደ ታች ይልካል። አንድ ቤት ይሠራሉ እንጂ አንድ አካል አይሆኑም።

በዓለም ገበያ ላይ የነገሠው «ሃስ» የተባለው ዝርያ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሩዶልፍ ሃስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስታ አዳይ በመሬቱ ላይ የአቮካዶ ችግኞች ያለማ ነበር። ሐሳቡ በወቅቱ ዝነኛ የነበረውን «ፉዌርቴ» ሊቀጥልባቸው ነበር። አንዱ ችግኝ ግን ቅጥያውን አልቀበልም አለ። ለብቻው የተተወው ይኸው ችግኝ አድጎ እጅግ ጣፋጭ ፍሬ ሰጠ። ሃስ እ.ኤ.አ. በ1935 የፈጠራ ባለመብትነት አገኘበት፤ ሆኖም አንድ ችግኝ የገዛ ሁሉ ከዚያው እየቆረጠ የፈለገውን ያህል ያባዛ ስለነበር የተረፈው ገንዘብ ጥቂት ነው። እናት ዛፏ በሥር አበስባሽ በሽታ ደክማ እ.ኤ.አ. በ2002 ተቆረጠች። ዛሬ በምድር ላይ ያለ ሃስ ሁሉ ግን ከእጅ ወደ እጅ የተሸጋገረ የዚያችው የአንዲት ዛፍ ቅርንጫፍ ነው።

የመቀጠሉ ሥራ ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም፤ ዝግጅቱ ግን ወራት ይፈጃል። በፕላስቲክ ከረጢት የበቀለው ችግኝ የእርሳስ ያህል እስኪወፍር ይጠበቃል። ቅጥያው ፍሬያማነቱ ከተመሰከረለት ዛፍ፣ እምቡጦቹ አብጠው ገና ሳይፈነዱ ይቆረጣል፤ ቅጠሉ ተመልምሎም በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ከዚያ የችግኙ አናት ተቆርጦ መሐሉ በስለታም ቢላዋ ይሰነጠቃል፤ ቅጥያውም እንደ ሽብልቅ ተጠርቦ ይገባበታል። ምሥጢሩ ከልጡ ሥር ያለው የአንዱ ስስ ሽፋን ከሌላው ጋር መግጠሙ ነው። ውፍረታቸው ካልተመጣጠነ ቢያንስ በአንድ ጎን ሊገናኙ ይገባል። ቁስሉ እንዳይደርቅ በፕላስቲክ ጥብጣብ ይታሰራል፤ እርጥበቱ እንዳይተንም ስስ ከረጢት ይደፋበታል። ከሳምንታት በኋላ ወይ እምቡጡ ይፈነዳል፤ ወይ ቅጥያው ይጠቁራል።

እስከዚህ ያለው ሙያ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ኅሊና ነው። ለሽያጭ የቀረበ ችግኝ ግንዱ ላይ የቁስሉን ጠባሳ ይዞ ይቆማል። ጠባሳው መዳቀሉን ይናገራል፤ ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ ግን አይናገርም። ቅጥያ ያጠረበት ችግኝ አባዢ ከአጥር ጥግ ካለ ማንነቱ ካልታወቀ ዛፍ ቆርጦ ቢቀጥል፣ ገዢው በዓይኑ አይለይም። ቅጥያው ሞቶ ከጠባሳው በታች የሥረ ግንዱ ቀንበጥ ቢያቆጠቁጥም፣ ያንኑ አሳድጎ የሚሸጥ አይጠፋም። ሥር አበስባሹ በሽታም ንጹሕ ባልሆነ አፈር ውስጥ ተሸሽጎ ከችግኙ ጋር ጤነኛ ማሳ ይገባል።

ገዢው «በእርግጥ ሃስ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ከአንድ ቃል አይበልጥም። በዚያች ቃል ላይ ሦስት አራት ዓመት ይተክላል። ቡናውን ነቅሎ ወይም የበቆሎ መሬቱን ለቆ፣ ውኃ እየቀዳ፣ ከከብት እየጠበቀ ፍሬውን ይጠባበቃል። ተታሎ ከተገኘ የችግኙ ዋጋ ይመለስለት ይሆናል፤ ዓመታቱን የሚመልስለት ግን የለም።

ስለዚህ የጠቆረውን ቅጥያ ሳያመነታ የሚጥል፣ እናት ዛፎቹን ለይቶ በስማቸው የሚጠብቅ አባዢ ለአገር ባለውለታ ነው። ሃስ ከአንድ የፖስታ አዳይ መሬት ተነሥቶ እዚህ የደረሰው፣ ቅርንጫፉን የተቀበለ ሁሉ ከሌላ ሳይቀላቅል ለቀጣዩ ስላቀበለው ነው። ሰንሰለቱ በአንድ እጅ ላይ ቢበጠስ ከዚያ ወዲያ ያሉት የሚያውቁት ከዓመታት በኋላ፣ የመጀመሪያው ፍሬ በቢላዋ ሲከፈት ነው።