ስለሚዞረው ጠረጴዛ ለጠየቃችሁኝ



ባለፈው ሳምንት የመኪናችንን የውስጥ ፎቶ ከለጠፍኩ በኋላ በውስጥ መስመር የመጣልኝ ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ስለ አልጋው የጠየቀ የለም። ስለ ሶላሩም የጠየቀ የለም። "ያ በአንድ እግሩ የቆመው ጠረጴዛ ምንድነው? ለምንስ ይዞራል?" ነው ያላችሁት። አንድ ወንድማችን ደግሞ "ለጌጥ ከምታወጡት ሩዝ ብትገዙበት አይሻልም?" ብሎ ጽፏል። አልተቀየምኩም። ያዋጣ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

መኪናዋን ለማታውቋት፣ ቶዮታ ሃይስ ናት። ናይሮቢ ውስጥ ባለ 14 ሰው ማታቱ ሆና ስትሠራ የኖረች ናት። ባለቤቷም ሹፌሯም አንድ ኬንያዊ ወዳጃችን ነው። እኛ በመዋጮ ውስጧን አሠራን። የማታቱ ወንበሮቿ ወጥተው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሳጥን ወንበሮች ገቡ። ማታ ሁለቱ ተገጣጥመው አልጋ ይሆናሉ፤ ምክንያቱም ከናይሮቢ ካኩማ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኪታሌና ሎድዋር ላይ አልጋ እየተከራየን የምንሄድበት አቅም የለንም። ቀን ቀን ግን መኪናዋ ጽሕፈት ቤት ናት። ፎርም እንሞላለን፣ አቤቱታ እንጽፋለን፣ የተሳሳተ ስምና ቀን እንዲታረም ደብዳቤ እናዘጋጃለን።

አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ በጉልበታችን ላይ ነው የሠራነው። ወረቀቱ ሰሌዳ ላይ ተቆንጥጦ ጸሐፊው ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ በመጨረሻ "እዚህ ጋ ፈርሙ" ይባላል።

እስቲ አስቡት፤ ስደተኛ ከሆንን ጀምሮ ስንት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠናል? በድንበር፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ በምዝገባ፣ በቃለ መጠይቅ። ጠረጴዛው ሁልጊዜ የቆመው በእኛና በጸሐፊው መካከል ነው። ወረቀቱ ፊቱን ያዞረው ወደ ጸሐፊው ነው። እኛ የራሳችንን ታሪክ በግልብጡ ነው የምናየው። አስተርጓሚው ምን እንዳለ፣ ጸሐፊው ምን እንደሰማ ሳናውቅ ጣታችንን ቀለም ነክረን እንወጣለን። እኛ ራሳችን መኪና ውስጥ ያንኑ የምንደግም ከሆነ ምን ለወጥን?

ስለዚህ ጠረጴዛው ሦስት ነገር እንዲያደርግ ፈለግን። አንደኛ፣ የተጻፈው ወረቀት ሳይነሳ ወደ ባለቤቱ እንዲዞር። ሁለተኛ፣ ባለጉዳዩና በሩ መካከል ምንም ነገር እንዳይቆም። ታስሮ የወጣ ወይም መንገድ ላይ የተደፈረ ሰው ጥግ ውስጥ ከዘጋችሁት አይናገርም። መውጫውን እያየ፣ በፈለገ ጊዜ ተነስቶ መውጣት እንደሚችል እያወቀ መቀመጥ አለበት። ሦስተኛ፣ ማታ ለአልጋው ቦታ እንዲለቅ፣ መንገድ ላይ ደግሞ እንዳይወረወር።

አራት እግር ያለው ጠረጴዛ መተላለፊያውን ይዘጋል። ከግድግዳ ጋር በማጠፊያ የሚታሰረው ይታጠፋል እንጂ አይዞርም። ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ ነው መላውን ያመጣው። አውሮፓ ውስጥ በጀልባና በመኪና ቤት ለሚጓዙ ሰዎች የሚሸጥ "ላጉን" የሚባል የጠረጴዛ እግር አለ ብሎ ፎቶ ላከልን። ዋጋው ከ100 ዩሮ በላይ ነው፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር። ፎቶውን አትመን ካሙኩንጂ ወዳሉት የጁዋ ካሊ ብረት ሠሪዎች ሄድን።

ጋራዥ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የእኛ የመካኒክ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያን የተወው ነው። ቡለን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ትራፓኖ ብላችሁ አዲስ አበባም አስመራም ትግባባላችሁ። ካሙኩንጂ ላይ ግን አይሠራም። በእጄ እያዞርኩ ሳሳያቸው ሙዜው ሳቁና "ሜዛ ያ ኩዙንጉካ!" አሉ። የሚዞር ጠረጴዛ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ቋንቋ አላስቸገረንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ወፍራም ቱቦ በሳጥን ወንበሩ ጎን፣ ከበሩ በተቃራኒ ባለው የግድግዳ በኩል ቀጥ ብሎ ይታሰራል። በውስጡ ሁለተኛ፣ ትንሽ ቀጠን ያለ ቱቦ ይገባል፤ ከፍ ዝቅ የሚለውም የሚዞረውም እሱ ነው። ከጫፉ ላይ አግድም ክንድ ተበይዷል። በክንዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሁለተኛ መዞሪያ አለ፣ የጠረጴዛው ሰሌዳ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ምስጢሩ መዞሪያው ሁለት መሆኑ ነው። አንድ ብቻ ቢሆን ሰሌዳው ክብ ይዞራል እንጂ አይቀርብም አይርቅም። ሁለት ሲሆን ግን ክንዱን ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ ሰሌዳውን ብቻ ወደ ባለጉዳዩ ማዞር ትችላላችሁ። በእያንዳንዱ መዞሪያ ላይ እጀታ ያለው ማጥበቂያ ቡለን አለ፤ ሲጠብቅ ቀጥ፣ ሲላላ ዞር።

ሁለቱ ቱቦዎች በጣም ከተጣበቁ ይነክሳሉ፣ ከላሉ ደግሞ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥና ጽሑፍ አያስጽፍም። ሙዜው በመካከላቸው የፕላስቲክ ቡሽ ጠርበው አስገቡና ትንሽ ግራሶ ቀቡት። ይኸው እስከዛሬ ድምፅ የለውም።

አሁን ዋናው። እንዲህ ያለውን ለመሥራት የምታስቡ ይህን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡት። ጠረጴዛው በአንድ በኩል ብቻ ስለታሰረ ሰው ሲደገፈው ማሰሪያውን እንደ ማንሻ ይገነጥለዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ከቋሚው 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ በክርኑ 30 ኪሎ ቢጫን፣ የላይኛውና የታችኛው ማሰሪያ ርቀት 10 ሴንቲ ከሆነ እያንዳንዱ ማሰሪያ የ180 ኪሎ ጉተታ ይደርስበታል። ርቀቱ 30 ሴንቲ ከሆነ ግን 60 ኪሎ ብቻ። ሌላ ብረት ሳትጨምሩ ማሰሪያዎቹን በማራራቅ ብቻ ሸክሙ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። እኛ 30 አድርገናል። ማሰሪያውን በኮምፔርሳቶ ላይ በቪት ብቻ አትያዙት፣ እንጨቱ ይበላና ይነቀላል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡለን ከወዲያ ወዲህ አሳልፋችሁ፣ ከጀርባ ሰፊ ላሜራ አድርጋችሁ በዳዶ እሰሩት።

ሳጥን ወንበሩ ራሱ ደግሞ በምን ታስሯል? በውስጡ የቱቦላሬ አጥንት አለው። አጥንቱም የድሮዎቹ የማታቱ ወንበሮች ታስረውበት በነበረው ቀዳዳ ከመኪናው ወለል ጋር ታስሯል። አዲስ ቀዳዳ አልበሳንም። ከወለሉ ሥር የፍሬንና የነዳጅ መስመር ያልፋል፤ ከላይ ሆኖ በትራፓኖ በጭፍን መብሳት ሰው ያስገድላል። የግድ መብሳት ካለባችሁ ከሥር ገብታችሁ እዩ፣ የተበሳውንም ጠርዝ ጸረ ዝገት ቀለም ቀቡት።

ሰሌዳው ባለ 15 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ነው፣ 80 በ50 ሴንቲ። ከፍታው ከወለሉ 70 ሴንቲ፣ መቀመጫው 45። ነፍሰ ጡር ስትመጣ ወደ ግድግዳ እንገፋዋለን፣ ሕፃን የታቀፈች ስትመጣ ዝቅ እናደርገዋለን። አራቱንም ማዕዘን አዙረን ቆርጠን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰናል፤ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሹል ማዕዘን የሕፃን ዓይን ያጠፋል። ማታ ሰሌዳው ከክንዱ ወልቆ በሁለቱ ወንበሮች ጠርዝ ላይ ባለው የብረት ማረፊያ ላይ ይተኛል። የተኛ ሰው ክብደት ማረፊያው ላይ ነው፤ ክንዱ ላይ በፍጹም።

መኪናዋ ስትንቀሳቀስስ? ማጥበቂያው ብቻውን አይታመንም። ከኪታሌ ወዲያ ያለው መንገድ ያጠበቃችሁትን ሁሉ ያላላዋል። ስለዚህ ክንዱ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ይታጠፍና የብረት ፒን ይገባበታል። ፒኑ ሳይገባ ሹፌራችን ሞተር አያስነሳም። ድንገት ፍሬን ሲያዝ በነፃ የሚዞር ሰሌዳ የሰው ጎድን ይሰብራል።

ቱቦው፣ እንጨቱና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ወደ 9,000 ሽልንግ ወጥቷል። ደረሰኙ በግሩፓችን ላይ አለ።

አሁን ወደ ሩዙ ልመለስ።

ጠረጴዛው በተገጠመ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት መጣች። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፤ ስሟንም ሰፈሯንም አልናገርም። የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ቦታ የተሞላ የቤተሰብ ፎርሟን ቅጂ ይዛ ነበርና ከእሱ ላይ መረጃ እየገለበጥን ነበር። ስንጨርስ እንደ ልማዳችን ሰሌዳውን ወደ እሷ አዞርነው። አሮጌውም አዲሱም ወረቀት ጎን ለጎን ፊቷ መጣ። እንግሊዝኛ አታነብም። ቁጥር ግን ታነባለች። ጣቷን አሮጌው ላይ አስቀምጣ ዝም አለች። ከዚያ "ልጄ፣ ይሄ 2002 የሚለው እኮ በእኛ ነው" አለች።

ገባችሁ? ልጇን የወለደችው በመጋቢት 2002 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። በፈረንጆቹ 2010 ማለት ነው። ፎርሙን የሞላው ሰው ቁጥሩን እንደሰማ ሳይቀይር ጽፎታል። ልጁ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን 23 ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነበር። 18 ያለፈ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ሕፃን ከእናቱ ጉዳይ ጋር አብሮ አይታይም። ያቺ እናት ያን ወረቀት ዓመታት በፌስታል ይዛ ዞራለች። ስንት ሰው ተቀብሏት አይቶ መልሶላታል። ፊቷ ላይ አዙሮ ጊዜ የሰጣት ግን አልነበረም።

የክርስትና የምስክር ወረቀቱን አያይዘን የእርማት ማመልከቻ አስገብተናል። መልስ ገና አልመጣም። ሲመጣ እነግራችኋለሁ፤ ካልመጣም እነግራችኋለሁ።

ወንድሜ፣ ሩዝ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ካኩማ ራሽን ሲቀነስ ምን እንደሚመስል ለአንተ አልነግርህም። ግን ያ ልጅ ከእናቱ ከተነጠለ በስንት ኬሻ ሩዝ ትመልሰዋለህ?

ካምፓላ ያላችሁ ልጆች ተመሳሳይ ለመሥራት እንደምታስቡ ነግራችሁኛል። ሙሉ ልኬቱን ከነሥዕሉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፣ ክፍያ የለውም። በያጃችሁ ልምድ ያለው ይሁን፤ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ክርኑን አስደግፋችሁ ፈትኑት።

መኪናም ጠረጴዛም የሌላችሁ ደግሞ፣ ነገ ቀጠሮ ያላችሁ፣ ይህን ብቻ ያዙ። ከመፈረማችሁ በፊት "ይቅርታ፣ ወረቀቱን አዙሩልኝ" በሉ። ማንበብ ባትችሉ ቁጥሮቹን እዩ። የልጆቻችሁን የትውልድ ዓመት አንድ በአንድ በጣታችሁ እየነካችሁ "ይሄ በማን አቆጣጠር ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚው ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

ፎርም ላላቸው ዘመዶቻችሁ አጋሩት። ቸር ያሰማን።