አምባሰልን በ28 ሜጋ

ሐይቅ ከተማ ላይ ፍላሽ ይዞ ፊልምና ዘፈን ሊያስጭን የሚመጣ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ «ስንት ይይዛል?» ስለ ጥራት የሚጠይቅ ብዙም አላየሁም። አይፈረድበትም።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶበት «የፊልሞቼን ድምፅ ሁሉ ወደ ፍላክ ልቀይር?» ብሎ አማከረኝ። ፍላክ ድምፅን ሳይቆርጥ አጥፎ ያስቀምጣል፤ ጋቢ አጥፎ ሣጥን ውስጥ እንደማስገባት ነው፣ ስትዘረጉት ያው ጋቢ ነው። ኤምፒስሪ ግን ቦታ የሚቆጥበው ጆሮ አያስተውለውም ያለውን ቆርጦ በመጣል ነው። ያልታመቀ ባለ ስድስት ቻናል ድምፅ ለሁለት ሰዓት ፊልም 4 ጊጋ ገደማ ይይዛል፤ ፍላክ ግማሽ ያህሉን ሊያስተርፍ ይችላል። እጃችን ላይ ያለው ፊልም ግን ባብዛኛው ድምፁ አስቀድሞ ተቆርጦ የመጣ ነው። እሱን ወደ ፍላክ መቀየር ፋይሉን ብዙ እጥፍ ማሳበጥ ነው እንጂ የተጣለውን አይመልስም።

ለፊልሙ ብዙም አልጨነቅም፤ ቢጠፋ ሌላ ሰው ጋ ይገኛል። (ደግሞስ የቴሌቪዥናችን ድምፅ ማጉያ ስንት ሆነና!) የሚያስጨንቀኝ አምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የዚህን አገር ስም ይዟል። የነማሪቱ ለገሰ ሥራ ታትሞ በብዙ ሰው እጅ ስላለ አይጠፋም። በየሰርጉና በየሐድራው በቴፕ የተቀዳው ግን ቅጂው አንድ ብቻ ነው።

የአጎቴን ሰርግ ካሴት ቤተሰብ አንድ ሱቅ ሰጥቶ ነበር። በፍላሽ የተመለሰው የአንድ ሰዓት ኤምፒስሪ 28 ሜጋ ነው። ካሴቱ ሲጠየቅ «ተገልብጧል ብለን ጣልነው» ተባለ። አያቴ የምታዜምበት ቦታ ላይ የካሴቱ «ሽሽሽ» እና የማሲንቆው ድምፅ ተደባልቀው ውኃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ስንኙን መጨረሻ ላይ የምታንቀጠቅጥበት ጉሮሮዋ የለም። ቃሉ ይሰማል፤ እሷ ግን አትሰማም።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአገራችን ብራናዎች ወደ ማይክሮፊልም ሲገለበጡ እሱም በጥቁርና ነጭ ተነስቷል፤ ቀለሙ ፊልሙ ላይ የለም። ግን ማንም «ተገልብጧል» ብሎ ብራናውን አልጣለውም። ስለዚህ ዛሬ በቀለም ማንሳት ይቻላል።

የ60 ደቂቃ ካሴት በሲዲ ጥራት ሲገለበጥ 600 ሜጋ ያህል ነው። በፍላክ 350 ሜጋ ገደማ ቢሆን ነው፤ «ሽሽሽ» የበዛበት ካሴት እንደልብ አይታጠፍም። በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቻናል ብቻ አስቀምጡት፣ በግማሽ ይቀንሳል። 20 ካሴት 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይገባል ማለት ነው! ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቀድቶ በፍላክ ያወጣል። ለስልክ ኤምፒስሪ ከፈለጋችሁ ከፍላኩ አውጡ። ቴሌግራም ላይ ስትልኩ ፋይሉን እንዳለ ላኩት፤ ማጉያ ፊት ስልክ ደቅናችሁ የድምፅ መልእክት አታድርጉት። አንዱን ቅጂ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ አኑሩ፤ በ2014 ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ከየቤቱ የሄደውን እናውቃለን።

ሐይቅም ሆነ ውጫሌ ካሴት ኖሯችሁ የሚሠራ ቴፕ ያጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስመጣ ቴፕ ይዤ እመጣለሁ፤ ካሴቱ ከቤታችሁ አይወጣም።