ክረምቱን በባምባሲ

በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጆች ቤት ይውላሉ። ጉዞ ያሰበ ሰው ቢገኝ ግን የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ዝናቡ ይለፍ፣ መስከረም ሲጠባ ትሄዳለህ።» ሌላው ዓለም በእነዚሁ ወራት ወደ ባሕር ዳርቻ ይጎርፋል። እኛ ባሕር ባይኖረንም፣ ሰው ክረምቱን ደጅ ወጥቶ የሚያሳልፍበት አገር አለን። ይህን ያየሁት ባምባሲ ላይ ነው። ወደ ምዕራብ መሄድ የሚፈልግ ሰው ዝናቡን ሳይፈራ በክረምት ይሂድ ስል ከልቤ ነው።

አሶሳ በአውሮፕላን ገብቼ አደርኩና በማግስቱ ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ባምባሲ ከአሶሳ በስተምሥራቅ፣ ወደ መንዲና ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አካባቢው ዝናብ የሚያገኘው በአንድ ረጅም ወቅት ነው፤ ከግንቦት ገደማ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በሐምሌ መጨረሻ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ አፈር የሚታየው አዲስ የታረመ ማሳ ላይ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ አረንጓዴ ነው። በየደጁ የቆሙት ትልልቅ የማንጎ ዛፎች ፍሬያቸውን ጨርሰዋል።

«ማንጎ ፈልገው ከሆነ ዘግይተዋል፤ በግንቦት ነበር» አለኝ ሾፌሩ።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት ሰምተው «ማንጎው ቢያልፍ ሽመል አለለት» አሉ። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ ያወራነው ስለ ሽመል ነው።

ሽመል የቆላው ቀርከሃ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን ሽመል ግን ድፍን ነው፤ ጥንካሬውም ከዚያ የመጣ ነው። አገራችን አላት ተብሎ ከሚገመተው ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ቀርከሃ አብዛኛው ሽመል ነው፤ ከዚያም ትልቁ ድርሻ ያለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። በባምባሲ የቤቱ ግድግዳ፣ የግቢው አጥር፣ ጎተራውና አልጋው የሚሠራው ከእሱ ነው። ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው አዲሱ ቡቃያ ከሥር ብቅ ይላል፤ ሁለት ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜም ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ይጠነክራል እንጂ አይረዝምም። ይህ ጫካ ሲያድግ በዓይን የሚታየው እንግዲህ በክረምት ብቻ ነው። መስከረም ይጥባ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይህን አያገኘውም።

አንድ የሰፈሩ ወጣት ወደ ጫካው ወሰደኝ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። «ጋሼ፣ እግርዎን እያዩ ይርገጡ፤ ቡቃያ እንዳይሰብሩ» ይለኛል በየጥቂት እርምጃው። ቡቃያው ቡናማ ጸጉር ባለው ቅርፊት ተሸፍኖ እንደ ጦር ጫፍ ከመሬት ወጥቷል። ጸጉሩ እጅ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፤ ለቃሚዎቹ በቅጠል ወይም በጨርቅ የሚይዙት ለዚህ ነው። ከላይ የተጠላለፈው ቅጠል ዝናቡን ይይዝና ከቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያንጠባጥባል። ሰማዩ ጠርቶም ጫካው ውስጥ ይዘንባል።

ከጉልበት በታች ያለው ለጋ ቡቃያ ይበላል። ሴቶች በጠዋት ለቅመው ገበያ ያወጡታል፤ ቅርፊቱን ልጠው ነጩን ውስጡን በስሱ ይከትፉታል። ምሳ የጋበዙኝ እናት ሲያበስሉ ከጎናቸው ተቀምጬ አየሁ። መጀመሪያ ይቀቀላል፣ መራራው ውሃ ይደፋል፣ እንደገና ይቀቀላል። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ጥሬው ቡቃያ ምሬት ብቻ ሳይሆን መርዝም አለበትና። ከዚያ በሽንኩርትና በባሚያ ወጥ ይሆናል። ባሚያን የአካባቢው በርታዎች ከንከሴ ይሉታል፤ በክረምት በየጓሮው ይዘራል፣ የተረፈው ደርቆ ተፈጭቶ ለበጋ ይቀመጣል። ወጡ ለማሽላ ገንፎ ማባያ ነው። እንደዚያ ቀን ምሳ ጥሞኝ አያውቅም።

«ብላ እንጂ ልጄ፤ ይህ የሚገኘው ዝናብ ሲኖር ብቻ ነው» ይሉኛል ጨምረው እያወጡልኝ።

ነገር ግን ስበላ አንድ ሐሳብ አልተወኝም። ዛሬ የተለቀመው ቡቃያ የነገ ጫካ ነበር። ሽመል በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አብቦም ይሞታል። በዚህ ክልል ሰፋፊ ጫካ በአንድነት አብቦ የደረቀበትን ጊዜ በሕይወት ያሉ ሰዎች ያስታውሱታል። ከዘር የበቀለው አዲስ ጫካ እስኪጠነክር ዓመታት ይወስዳል፤ በዚህ መሃል እሳትና የእርሻ መስፋፋት አሉበት። ወጣቱን ስጠይቀው እነሱ ቤት ከአንድ ሥር ሁሉንም እንደማይለቅሙ፣ ወፍራም ወፍራሙን ለዘር እንደሚተዉ ነገረኝ። ለገበያ የሚለቅመው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ወይ ስለው ዝም አለ። እኔ ቡቃያው አይበላ የሚል አቋም የለኝም፤ የሰዉ የዘመናት ምግብ ነው። የትኛው እንደሚለቀምና የትኛው እንደሚተው ግን መንደሩ ተነጋግሮ ደንብ ቢያወጣለት፣ የግብርና ባለሙያውም ቢያግዝ፣ ልጆቹም ወጡን ይበሉታል።

በባምባሲ ዙሪያ በርታው፣ ማኦው፣ ኦሮሞውና አማራው ጎን ለጎን ይኖራል። በ1977 ድርቅ ማግሥት ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች መንደሮች ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ። በአንደኛው ያደርኩ ዕለት አረም የሚታረመው በደቦ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስለነበረች ሥራው ቀደም ብሎ ተጀመረ፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ሲጠቁር ሁሉም እየተሳሳቀ ወደ አንድ ዳስ ሮጠ። ቡሄ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር፤ ልጆቹ ግን ጅራፋቸውን ገምደው ማጮህ ጀምረዋል። ያንኑ ሰዓት ከወዲያ ማዶ መስጊድ አዛን ይሰማል።

ማታ ማታ ደግሞ ኳስ አለ። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ግቡ ሁለት የሽመል እንጨት ነው። ከ2004 ጀምሮ ባምባሲ ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት የተሰደዱ ሰዎች የተጠለሉበት ካምፕ አለ። በርታ በድንበሩ በሁለቱም ወገን የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ባዶ እግራቸውን ከሚጫወቱት ወጣቶች ውስጥ የትኛው ከዚህ፣ የትኛው ከዚያ እንደመጣ ለመለየት አልቻልኩም። መለየትም አላስፈለገኝም። ዝናብ ሲመጣ የሚያቋርጥ የለም፤ ተመልካቹ ብቻ ማንጎ ዛፍ ሥር ይጠጋል።

ዋዛ መስማት በጣም ፈልጌ ነበር። ዋዛ በርታዎች ከቅል ቆርጠው፣ ጫፍና ጫፉን አጋጥመው የሚሠሩት ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ተራ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። የጠየቅኳቸው ሽማግሌ ግን «አሁን እህሉ ገና ነው፤ አዝመራ ሲደርስ ና» አሉኝ።

በመጨረሻው ቀን ወደ ዳቡስ ሄድኩ። በበጋ ዓሣ የሚጠመድበት ወንዝ በሐምሌ ደፍርሶ፣ ቀይ አፈር ተሸክሞ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። በዚህ ወቅት መዋኘት አይታሰብም፤ ልጆችም እንዳይጠጉ ይጠበቃሉ። ዳር ሆኖ ማየት ግን ለግማሽ ቀን ይበቃል። ይህ ውሃ ወደ ሰሜን ወርዶ ከዓባይ ይገናኛል፤ ከዚያ ጉባ ላይ ንጋት ሐይቅ ይሆናል። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። የሐይቁ ስፋት ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከግማሽ ጣና ይበልጣል። ባሕር በሌለው አገር ይህን ያህል አዲስ ዳርቻ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ዓሣ ማስገር ተጀምሯል፤ ጀልባውና ማረፊያውም ይመጣል። ሲመጣ ከዚህ ክልል ወጣቶች ውጭ እንዳይሠራ እመኛለሁ። በሽመል ጫካ እየመራ የወሰደኝ ልጅ መንገድ ማሳየት ያውቃል፤ የሚቀረው የሚቀጥረው ሰው ነው።

በሐምሌ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ይያዝ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ አሶሳ ይጠይቅ። የውጭውን ጉዳይ ከቀትር በፊት ይጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የዝናቡ ነው። ቡቃያ ለመግዛት ከፈለገም በጠዋት ገበያ ይውጣ፤ አራት ሰዓት ሲሆን ይጨረሳል።