ለብ ባለ ውሃ የነከርናት ፖስታ

ኪሳችን ያው እንደምታውቁት ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ቴምብር ነው። «ደግሞ ስለ ቴምብር ምን ይወራል?» ብላችሁ እንዳትሄዱብን፤ ነገሩ የእናታችንን ዓይን ይነካል።

እናላችሁ፣ እናታችን ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ። ገንዘብ ደግሞ የለም። እኛም ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ጋዋን ለብሰን ፎቶ ከተነሳን ወዲህ፣ ከፎቶው ሌላ ለቤቱ ያመጣነው ነገር የለም። በዚህ መሀል ነፍሱን ይማረውና የአጎታችን የብስኩት ቆርቆሮ ትዝ አለን። ዕድሜውን ሙሉ ቴምብር ሲለቅም የኖረ ሰው ነበር። ከፍተን ብናይ የአፄ ምኒልክ መልክ ያለባቸው ቴምብሮች! ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ! በቃ፣ ቀዶ ሕክምናው ተከፈለ፤ የተረፈው ለቤት ኪራይ ሆነ። በሐሳባችን ነው ታዲያ።

ከመሀላቸው አንዲት ያረጀች ፖስታ ነበረች። የምኒልክ ቴምብርና የጅቡቲ ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፈውባታል፤ ማህተምም አርፎባቸዋል። ወረቀቷ ወይቧል፤ ዳሯን አይጥ በልቶታል። እኛ ሆዬ «ገዢ ፊት እንዲህ ተይዞ አይቀረብም» ብለን ለብ ባለ ውሃ ነከርናት። ቴምብሮቹን ላጥን፣ ጋዜጣ ላይ አደረቅን፣ ወረቀቷን ጣልን።

ከዚያ ቴምብር የሚያውቁ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድን። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አገላበጧቸው፤ ጥርሳቸውን፣ የጀርባ ሙጫቸውን፣ የሳሳ ቦታ እንዳለባቸው አዩ።

«ልጄ፣ ማርጀትና መጥፋት አንድ አይደለም» አሉን።

የዓለም የመጀመሪያው ቴምብር፣ የእንግሊዙ ጥቁር ፔኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ሲወጣ 68 ሚሊዮን ያህል ታትሟል። ብዙ ሰው ስላስቀመጠው ዛሬም ይገኛል። እሱን የተካው ቀይ ፔኒ ደግሞ በቢሊዮን የታተመ ተራ ቴምብር ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ በወጡት ላይ፣ ከጌጡ መሀል የማተሚያ ሰሌዳው ቁጥር በደቃቅ ተቀርጿል። ቁጥሩ 77 ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሰሌዳ ጉድለት ተገኝቶበት ስለተጣለ፣ ከእሱ ሾልከው የወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለቱ በሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው።

ብቸኛ መሆንም ቢሆን ዋጋን አያጸናም። እ.ኤ.አ. የ1856ቷ የብሪቲሽ ጊያና አንድ ሳንቲም ቴምብር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት የምትታወቀው። በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ2021 ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠች። በመሀል ሁለተኛ አልተገኘላትም፤ የፈላጊው ልብ ነው የቀነሰው።

«የእኛዎቹስ ጋሼ?» አልን።

የእኛዎቹ በ1886 ዓ.ም. ፓሪስ የታተሙ ሰባት ዓይነት ናቸው፤ ከሩብ እስከ 16 ገርሽ። ዝቅተኛዎቹ አራቱ ላይ ምኒልክ፣ ሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ብዙዎቹ ደብዳቤ ሳይነኩ በቀጥታ ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች ተሸጡ። ስለዚህ ንጹሑ ነው በብዛት ያለው! በኋላ በ1902 እ.ኤ.አ. «ቦስታ» የሚል ጽሑፍ በእጅ ማህተም የተመታባቸው ይፈለጋሉ፤ ግን ማህተሙን አስመስሎ መሥራት ቀላል ስለሆነ አስመሳዩ ብዙ ነው። እውነተኛው ብርቅ፣ በዚያ ዘመን በእርግጥ የተጓዘ ደብዳቤ ነው።

ከዚያ ሁለቱን የታጠቡ ቴምብሮች አነሱ።

«እነዚህን ከምን ላይ ነው ያነሳሻቸው?»

ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት የገባችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከዚያ በፊት ቴምብሯ ከድንበር ወዲያ አያልፍም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የጅቡቲን ቴምብር መጨመር ነበረበት። ሁለቱ አንድ ፖስታ ላይ መገናኘታቸው ነው ታሪኩ።

«ለየብቻቸው የአንድ ምሳ ዋጋ ናቸው» አሉን። «አብረው ምን ያህል ያወጡ እንደነበር ግን አልገምትም። ለሰብሳቢ ተብሎ የተሠራም ሊሆን ይችል ነበር። የሚለየው ማህተሙ ከቴምብሩ አልፎ ወረቀቱ ላይ እንዴት እንዳረፈ፣ ቀኑና መንገዱ ሲታይ ነው። አንቺ ያጠብሽው እሱን ነው።»

ኧረ ቢቆጡን ይሻለን ነበር!

ቤት ገብተን ለእናታችን ሁሉንም ነገርናት። ስለ ዋጋው አልጠየቀችም። ደህና በሆነው ዓይኗ እያየችን «ለማን ነበር የተጻፈው?» አለች።

አላየንም። አራት ዓመት «ማን፣ ለማን፣ መቼ» ብሎ መጠየቅ የተማርን ሰዎች፣ የተጻፈውን ስም ሳናነብ ነው ወረቀቷን የጣልናት።

ቀዶ ሕክምናው አልቀረም፤ የሚመጣው ወር ዕቁብ የእኛ ነው፣ ዳኛው እሺ ብለውናል። እናንተ ግን የአያት የቅድመ አያት ሳጥን ከፍታችሁ የቆየ ፖስታ ካገኛችሁ፣ አትንከሩ፣ አትላጡ፣ አታጽዱ። እንዳለ ይዛችሁ ለሚያውቅ አሳዩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንብቡት።

ቸር ይግጠመን።